ዕፅዋት ያልተጋበዙበት ጉባኤ

የጤፍ አበባ የምትከፈተው ጠዋት ከ12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ ነው። የክብር እንግዳ አትጠብቅም። "ሰው እየገባ ስለሆነ ትንሽ እንታገሥ" አትልም። ይህን ጠባይዋን እ.ኤ.አ. በ1974 ደርሰውበት ለሙያው ያካፈሉት ታረቀ በርሄ ናቸው። ከዚያ በፊት ጤፍን በእጅ ማዳቀል የማይሆን ነገር ይመስል ነበር፤ አበባዋ ደቃቅ ናት፣ ራሷን በራሷ ታዳቅላለች፣ ሰው ወረንጦውንና ማጉያውን ይዞ እስኪደርስ ጉዳይዋን ጨርሳ ትጠብቃለች። ነገሩ ሲጣራ እንቢ ያለችው ጤፍ አልነበረችም፤ ያረፈደው ሰውየው ነበር።

ስለዚህችው ተክል የሚመክረው ጉባኤ በፕሮግራሙ ላይ "2፡30 ምዝገባ፣ 3፡00 መክፈቻ" ብሎ ያትማል። 4 ሰዓት ከሩብ ላይ አንድ ወጣት መድረክ ላይ ወጥቶ የማይኩን ጫፍ በጣቱ እየመታ "ሀሎ፣ ሀሎ፣ ቼክ" ይላል። የማወራው ስለ አንድ ጉባኤ አይደለም። በዕፅዋት ሥነ ሕይወት ወቅታዊ ምርምር ላይ የሚመክሩትን የአገራችን ጉባኤዎች አንዱን የታደመ ሰው ሁሉንም ታድሟል፤ የሚለወጠው የባነሩ ቀለምና የቦርሳው ጥራት ነው።

ቦታው ብዙ ጊዜ ቢሾፍቱ ነው፣ ሐይቅ ዳር። ለምን ቢሾፍቱ ቢሉ፣ ሳይንሳዊው ምክንያት የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል እዚያው መኖሩ ነው፤ የአገሪቱ የጤፍ ምርምር እናት ቤት ነው። ሌላው ምክንያት፣ ውሎ አበል የሚባለው ተክል አዲስ አበባ ውስጥ የማይበቅል መሆኑ ነው።

ምዝገባው ላይ ስድስት ሰው ተደርድሮ ተቀምጧል፤ ሰልፉ ግን ንቅንቅ አይልም። "ስምዎ ዝርዝሩ ላይ የለም" ይባላል አንዱ እንግዳ። የደረት ካርዱ ፊቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይታየዋል። ነገሩ ኋላ ይገለጣል፤ ስም ዝርዝሩ በፊደል ተራ ሲደረደር ከነማዕረጉ ነው የተደረደረው። ስለዚህ አገር ምድሩ "ዶ" ሥር ነው፤ "ፕ" ሥር ጥቂት ሽማግሌዎች አሉ፤ ማዕረግ የሌላቸው የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ብቻ በየስማቸው በየፊደላቸው በሰላም ተገኝተው ቀድመው ገብተዋል።

አዳራሹ ውስጥ መድረኩ በአበባ አጊጧል። ቀይ ጽጌረዳ ነው፣ በየቅጠሉ ላይ የጤዛ ጠብታ አለ፤ ጠብታው አይወርድም፣ አይደርቅም፣ ሙጫ ነው። የዕፅዋት አመዳደብ የሚያጠኑ አንድ አንጋፋ ሰው ከፊት ወንበር ተነሥተው ሲጠጉት አየሁ። የእነዚህ ሰዎች እጅ አመል አለበት፤ ቅጠል ካዩ ጀርባውን ሳይገለብጡ አያልፉም፤ ፀጉሩን፣ የጅማቱን አወጣጥ ያያሉ። ገለበጡት። ከጀርባው የፕላስቲኩ ስፌትና ያልተላጠ የዋጋ ወረቀት ነበር። ምንም ሳይሉ መልሰው ገልብጠው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት የተመዘገቡበት ትልቁ ሥራ፣ "ፍሎራ" የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 ተለፍቶበት ስምንት ቅጽ ሆኖ ወጥቷል፤ ወደ 6,000 የሚጠጋ ዝርያ ይዟል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዲት አደይ እንኳ መድረኩ ላይ ቦታ አላገኘችም።

የመክፈቻ ንግግሩ ላይ ብዙ አልቆይም፤ እነሱ ይቆያሉና ይበቃል። አምስት ተናጋሪ፣ አምስቱም "ክቡር ሚኒስትር ዴኤታ" ብሎ ጀምሮ የክቡራኑን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። አምስተኛው "ከእኔ በፊት የተናገሩት ሁሉን ስላሉት እኔ ብዙ አልልም" ብሎ ሃያ ደቂቃ ይናገራል። ክቡር ሚኒስትር ዴኤታው ጉባኤው መከፈቱን አብሥረው፣ ሌላ አስቸኳይ ስብሰባ ስላለባቸው ይወጣሉ። ከእርሳቸው ጋር ካሜራው ይወጣል፤ ከካሜራው ጋር የፊተኛው ሁለት ረድፍ ይወጣል። ማታ በዜና ጉባኤው ተካሂዶ ያልቃል፤ እኛ ገና አልጀመርንም።

ከዚያ ሳይንሱ ይጀመራል፤ ማለትም ቫቪሎቭ ይመጣል።

የማንም ጥናት ሁለተኛ ስላይድ የቫቪሎቭ ካርታ ነው። ስለ ጤፍም ይሁን ስለ ሽምብራ፣ ስለ ማሽላም ይሁን ስለ ኮሰረት፣ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ሳይነሣ አይታለፍም። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችን ውስጥ በበቅሎ እየተጓዘ ስንዴና ገብስ ሲለቅም የከረመ፣ ከራስ ተፈሪ ጋር የተገናኘ፣ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ ብሎ የመዘገበ ታላቅ ሩሲያዊ ነው። በስታሊን ዘመን ታስሮ፣ ያን ሁሉ ዘር የሰበሰበ ሰው እ.ኤ.አ. በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ተጎድቶ ሞተ። ይህን የመጨረሻውን ማንም አያነሣውም፤ የሚፈለገው ካርታው ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ያው ካርታ በየቀለሙ ሲመላለስ ይውላል፣ አቅራቢዎቹም ጤፍ የኢትዮጵያ መሆኗን ለኢትዮጵያውያን በእንግሊዝኛ ሲያስረዱ ይውላሉ። በእንግሊዝኛ የሆነው በአዳራሹ ላለው አንድ የውጭ እንግዳ ተብሎ ነው። እሱ ደግሞ ከሁለተኛው ካርታ በኋላ ወጥቶ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ጀበና ከጣደችው ሴት ዘንድ ቁጭ ብሎ፣ "ስኳር አይግባበት፣ እባክሽ" እያለ ነው።

በእርግጥ ቁም ነገር አይጠፋም። የጤፍ ጂኖም የመጀመሪያ ረቂቅ እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ፤ ከዚያ እጅግ የተሻለው በ2020 ወጣ። ጤፍ 40 ክሮሞሶም አላት፤ የሁለት ልዩ ልዩ ቅድመ አያቶችን ሙሉ ውርስ በአንድ አካል ተሸክማለች። የ2020ው ጥናት ያሳየው ነገር ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የሚደንቅ ነው። ሁለቱ ውርሶች አብረው መኖር ከጀመሩ አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቢሆናቸውም አንዱ ሌላውን አልዋጠውም፤ የአንዱ ዘረ መሎች የሌላውን ገፍተው አላስወጡም። እንዲህ ከሁለት ወገን በተወለዱ በብዙ ሌሎች ተክሎች ዘንድ አንዱ ወገን መበርታቱ የተለመደ ነው።

ይህ በሚነገርበት አዳራሽ ውስጥ፣ በአንድ ረድፍ፣ በመካከላቸው አንድ ባዶ ወንበር አድርገው፣ ጤፍ የሚያጠኑ የሁለት ተቋም ሰዎች ተቀምጠዋል።

"ዳታውን ብታጋሩን?" ይላል አንዱ ማይክ ሲደርሰው።

"ደብዳቤ ጻፉልን።"

"ጽፈን ነበር እኮ።"

"በማን በኩል?"

ሁለቱን የሚያስታርቅ አንድ ነገር አለ፤ ሆላንድ። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አግኝቶ ነበር፤ በ2018 ሄግ ያለው ፍርድ ቤት አዲስ የፈጠራ ነገር የለበትም ብሎ በአገሩ ውድቅ አደረገው። ይህ ሲነሣ ሁለቱም ወገን እኩል ይቆጣል፣ እኩል ያጨበጭባል፣ "ሀብታችንን" ይላል። ከዚያ ወደ ደብዳቤው ይመለሳሉ።

የጥያቄና መልስ ሰዓት ራሱን የቻለ ጥናት የሚገባው ነው። መድረክ መሪው "ጊዜ ስለሌለን ሦስት ጥያቄ ብቻ፣ አጠር አጠር ባለ" ይላል። ማይኩ በቀጥታ ወደ አንድ አዛውንት ፕሮፌሰር ይሄዳል፤ ሌላ መንገድ አያውቅም። ፕሮፌሰሩ መድረክ መሪውን ያመሰግናሉ፣ አቅራቢውን ያመሰግናሉ፣ አዘጋጆቹን ያመሰግናሉ። "ይሄ እንግዲህ ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው" ይላሉ። ከዚያ ወደ አለማያ ኮሌጅ እንሄዳለን። በእሳቸው ጊዜ ተማሪ ማሳ ላይ ያድር ነበር፣ መምህሩ ቦት ጫማ አድርጎ ጭቃ ውስጥ ያስተምር ነበር፣ ዛሬ ግን ሁሉ ነገር ኮምፒውተር ሆነ። ደስ የሚል ትረካ ነው፣ እውነትም አለበት፤ ችግሩ የቀረበው ጥናት ስለ ሽምብራ ሲሆን እሳቸው የሚጨርሱት በኑግ መሆኑ ነው። "እና ኑጉስ ምን ይሁን?" ብለው ማይኩን ይመልሳሉ።

ሁለተኛው ጠያቂ ናሙናው ለምን ከእሱ ዞን እንዳልተወሰደ ይጠይቃል። ናሙናው ከየትም ይወሰድ፣ ይህ ጥያቄ አይቀርም። ሦስተኛው በቅርብ ከውጭ የተመለሰ ወጣት ዶክተር ነው፤ ጣቱን እያወዛወዘ "ይህ ነገር በአራቢዶፕሲስ ላይ ተረጋግጧል ወይ?" ይላል። አራቢዶፕሲስ የዓለም የዕፅዋት ሳይንቲስት ሁሉ የተማረባት አንዲት ተራ አረም ናት። ጂኖሟ ከዕፅዋት ሁሉ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ተነቧል፣ ከዘር እስከ ዘር ስድስት ሳምንት ይበቃታል፣ በትንሽ ጣሳ ታድጋለች። አትጋገር፣ አትጠመቅ፣ ከብት እንኳ አይሰማራባት፤ የላቦራቶሪ ንግሥት ግን ናት። በዚህ ጥያቄ መሠረት፣ ለሺህ ዓመታት ሰው ሲበላው የኖረ እህል ጠባዩ እውነት መሆኑ የሚታወቀው የማንም ምግብ ያልሆነች አረም ስትመሰክርለት ነው።

አቅራቢው ሦስቱንም "በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው" ብሎ ይቀበልና፣ ያልተጠየቀውን አራተኛ ጥያቄ መልሶ ይቀመጣል።

በመካከሉ ከአሜሪካ በዙም የሚገቡ አንድ ኢትዮጵያዊ ምሁር አሉ። እዚህ ጠዋት 4 ሰዓት ሲሆን በአሜሪካ ምሥራቁ ክፍል ገና ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ነው፤ ሰውየው ከረቫታቸውን አስረው፣ ልጆቹን ላለመቀስቀስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በተነገራቸው ሰዓት ስክሪን ላይ ተገኝተዋል። እኛ የክቡራኑን ዝርዝር እስክንጨርስ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቁ። ተራቸው ሲደርስ "ፕሮፌሰር፣ ይሰማል?" ይባላሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ሦስት ሰው ተሰብስቦ ኬብል ይነቅላል፣ ይሰካል። ድምፃቸው ሲመጣ ምስላቸው ይሄዳል። በመጨረሻ ድምፅና ምስል ገጥመው፣ "እንግዲህ ላቀርብላችሁ የፈለግሁት..." ሲሉ መድረክ መሪው በትሕትና ጎንበስ ብሎ ሻይ ቡና መድረሱን ያሳውቃቸዋል።

ሻይ ቡና በሰዓቱ የሚጀመር ብቸኛው የፕሮግራሙ ክፍል ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ተብሎ ሃምሳ ይሆናል፤ እኔ ግን አልነቅፈውም፤ የጉባኤው ሳይንስ ያለው እዚህ ነው። አዳራሹ ውስጥ እንግሊዝኛውን ሲፈሩ የዋሉት ሁሉ ስኒ ሲይዙ አንደበታቸው ይፈታል። አረቢካ ቡና ከሁለት የቡና ዝርያዎች መዳቀል የተወለደው ከ600,000 ዓመት በፊት ገደማ ነው የሚለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመውን ጥናት፣ በአዳራሹ ያንቀላፋበት ሰው እዚህ በሳምቡሳ ያደምጠዋል። ሌላው ከኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተወሰደ ዘር ከበቀሉ ዛፎች መካከል የብራዚል ተመራማሪዎች በተፈጥሮው ካፌይን የሌለው ለማለት የሚያስደፍር ቡና እ.ኤ.አ. በ2004 ማግኘታቸውን ያወራል። "እና ለምን ይጠጣል?" ትላለች ጀበናዋን የምታንቃርረው ሴት። ከቀኑ ጥያቄዎች ሁሉ አጭሩ ነበር። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ደግሞ ያ "ደብዳቤ ጻፉልን" ባዩ ሰው ስኒውን በግራ እጁ ይዞ፣ ወዲያ ወዲህ ዓይቶ፣ ባላንጣውን "ፍላሽ ይዘሃል?" ይለዋል። የሁለት ተቋም የመግባቢያ ሰነድ ያላደረገውን ነገር አንድ አቦል አደረገው።

ፖስተር የሚባሉት የተማሪዎች ጥናቶች የተሰቀሉት በምግብ አዳራሹና በመጸዳጃ ቤቱ መካከል ባለው ኮሪደር ነው። ቦታው ሰው የሚበዛበት ስለሆነ አመራረጡ ብልሃት አለበት። ችግሩ ሰው ሁሉ በአንዱ አቅጣጫ ቸኩሎ፣ በሌላው አቅጣጫ ጠግቦ ማለፉ ነው። አንድ ተማሪ ስለ እንሰት አጠውልግ ሠርቶ ፖስተሩ አጠገብ እንደ ዘብ ቆሟል። በሽታው በባክቴሪያ ይመጣል፤ በኢትዮጵያ እንሰት ላይ እ.ኤ.አ. በ1968 ተመዘገበ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ በ2001 ኡጋንዳ ላይ ሙዝ ውስጥ ገብቶ ብዙ አገር አዳረሰ። ከተክል ወደ ተክል ከሚያዛምቱት ዋናው ሰው የሚቆርጥበት ቢላ ነው፤ ቢላውን በእሳት ማንደድ ብዙ ያድናል። ወደ ሃያ ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ኑሮው እንሰት ላይ ነው፤ ልጁ የያዘው ጉዳይ ቀላል አይደለም። ፖስተሩ ፊት ሰው ተሰልፎ ሳይ ደስ አለኝ። ሰልፉ ለካ የክትፎው ነው፤ ጫፉ እዚህ ደርሶ ነው። ሰዉ ፊቱን ወደ አጠውልጉ መልሶ፣ አንገቱን ወደ ክትፎው አስግጎ፣ "ቆጮ አለ ወይስ አልቋል?" እያለ ይጠይቃል። ልጁ ለእሱ የቀረበ ጥያቄ መስሎት መልስ ሊሰጥ አፉን ይከፍታል።

ከምሳ በኋላ ያለውን ክፍለ ጊዜ ለብርሃን አስተጻምሮ መመደብ በየትኛውም ዓለም የማይቀር ሕግ ይመስለኛል። ተክል በፀሐይ ብርሃን እንዴት ምግብ እንደሚሠራ የሚነገረን የቢሾፍቱ ፀሐይ በመጋረጃ ተዘግታ፣ መብራቱም ጠፍቶ ነው፤ ያለዚያ ስላይዱ አይታይም። በጨለማው ውስጥ አንድ መልካም አቅራቢ ስለ ሩቢስኮ ያወራል። ሩቢስኮ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ተቀብሎ ወደ ስኳር መንገድ የሚያስገባ ኢንዛይም ነው፤ የምንበላው ሁሉ በእጁ አልፏል ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ግን ቀርፋፋ ነው። ሌሎች ኢንዛይሞች በሰከንድ መቶም ሺህም ሲያስተናግዱ እሱ ሦስት ያህል ያስተናግዳል። በዚያ ላይ ይሳሳታል፤ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋንታ ኦክስጅን ይይዝና ተክሉ ስሕተቱን ለማረም ሌላ ጉልበት ያወጣል። ተክሉ ታዲያ ምን አደረገ? አላባረረውም፣ ሥልጠና አልላከውም፤ ሌላ ሩቢስኮ ጨመረ። ቅጠል ውስጥ ካለው ፕሮቲን የአንበሳውን ድርሻ የያዘው እሱ ነው። ጠዋት ምዝገባው ላይ ስድስት ሰው ተደርድሮ ሰልፉ ንቅንቅ ያላለበት ምክንያት የተገለጠልኝ እዚህ ላይ ነው። ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ግን መላ አግኝተዋል። ሩቢስኮን ጓዳ አስገብተው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በሌላ ሠራተኛ አሰብስበው፣ አፉ ድረስ ያቀርቡለታል፤ ከኦክስጅን ጋር የሚምታታበት ዕድል ይጠባል። ሲ-ፎር የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ ፀሐይና ሙቀት በበረታበት ይበልጣሉ።

ይህ በሚነገርበት ሰዓት ከአዳራሹ ግማሹ ተኝቷል። ልክ ሲ-ፎር ላይ ሲደረስ በግራ በኩል አንድ ሰው ነቃ። ቀጥሎ ጎረቤቱ ነቃ። ንቃቱ ከረድፍ ወደ ረድፍ እየተላለፈ መጣ፤ አቅራቢውም ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ነገሩ የገባቸው መስሎት ፊቱ በራ። እየዞረ ያለው የውሎ አበል መፈረሚያ ወረቀት ነበር። በጨለማ በስልክ መብራት እየታየ ተፈረመ። "የመታወቂያ ኮፒ ያላመጣ ነገ ያምጣ" የሚለው ሹክሹክታ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ መድረኩ ድረስ ደረሰ።

ከዚያ አንዲት ወጣት ተመራማሪ ትመጣለች፤ እዚህ ላይ ሳቄ ይቆማል። የሠራችው ጤፍ የማዳቀል ሥራ ነው፤ ቁመቷ አጠር ብላ የማትጋሸብ ጤፍ ፍለጋ። የጤፍ አንዱ ትልቅ ችግር መጋሸብ ነው፤ አገዳዋ ቀጭን ስለሆነ ነፋስና ዝናብ ሲመታት፣ ማዳበሪያ ሲበዛላት፣ ዘርግታ ትተኛለች። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ሲመዘን 0.3 ግራም ገደማ ነው። አበባዋ ምን ያህል እንደምትሆን ከዚህ ይገመታል። ልጅቱ በዚያች አበባ ውስጥ ያሉትን፣ የወንዴውን ዱቄት የሚይዙ ሦስት ከረጢቶች ሳይፈነዱ በማጉያ ሥር በወረንጦ አንድ በአንድ ታወጣለች፤ ከዚያ የሌላኛውን ወላጅ ዱቄት በሰዓቷ ታመጣላታለች። ይህን ሁሉ ለፍታ ከአንድ አበባ የምታገኘው አንድ ፍሬ ነው፤ ያውም ከያዘላት። ጣት በሚያቀዘቅዝ የደብረ ዘይት ጠዋት፣ ሠራተኛው ሰርቪስ ሳይገባ፣ ወቅቱን ሙሉ እንዲህ ነው። "ቁንጮ" የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬ የደረሰው በእንዲህ ያለ ጠዋት ሥራ ነው፤ ምርታማነቱን ከአንድ ወላጁ፣ ገበያ የሚወድደውን ንጣት ከሌላው ወርሷል።

ለእሷ የተመደበላት አሥራ አምስት ደቂቃ ነበር። የመክፈቻው ንግግር የበላውን ጊዜ መክፈል ያለበት ሰው ይፈለግ ነበርና እሷ ተገኘች። ገና ርዕሷን አንብባ ሳትጨርስ መድረክ መሪው "5" የሚል ካርቶን አነሣ። "ይህን ልዝለለው" አለች። "ይህንንም ልዝለለው።" ካርታዋን ዘለለች፤ ቫቪሎቭ በዚህ ቀን የተረፈው በእሷ ስላይድ ብቻ ነው። የማሳውን ፎቶ ዘለለች። "1" የሚለው ካርቶን ሲነሣ ውጤቷ ላይ ደርሳ ነበር። ረድፍ ሙሉ ጤፍ ተጋሽባ ተኝታ፣ ከመካከሏ አንድ ረድፍ ቀጥ ብላ የቆመችበት ፎቶ ለቅጽበት ታየና አለፈ። ተጨበጨበላት። ጊዜ ስለሌለ ጥያቄ አልነበረም። ወርዳ ስትቀመጥ አንጋፋው ፕሮፌሰር፣ ያን የፕላስቲክ ቅጠል የገለበጡት ሳይሆኑ የኑጉ፣ ዘንበል ብለው "ጎበዝ፣ ግን ድምፅሽን ከፍ አድርጊ" አሏት።

ማታ ግብዣ አለ። ድራፍት እየተቀዳ አንዱ፣ የአውሮፓን የጸደይ ገብስ ቅጠሉን ነጭ ዱቄት መስሎ ከሚወረው ሻጋታ ሲጠብቅ የኖረው ኤም-ኤል-ኦ የተባለው ዘረ መል፣ ከኢትዮጵያ ገበሬ ገብስ የተገኘ መሆኑን ይተርካል። እውነት ነው፣ የሚያኮራም ነው። አድማጮቹ ግን ወዲያው ወደ ዋናው ጥያቄ ይገባሉ፤ ቢራው ነፃ ነው ወይስ አንድ አንድ ብቻ ነው?

የሁለተኛው ቀን ከሰዓት በፕሮግራሙ ላይ የመስክ ጉብኝት ነበር። በጊዜ እጥረት ተሰረዘ። ማሳው በባጃጅ የሚደረስ ነው፤ ቢሆንም ጉባኤተኛው ቅር እንዳይለው በድሮን የተቀረጸ የማሳው ቪዲዮ ከነሙዚቃው ታየ። መጋረጃው ተዘጋ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ጤፉ በስክሪን ላይ ሲወዛወዝ ሰዉ ስልኩን አውጥቶ ስክሪኑን ቀረጸ። የተረፈው ሰዓት ለሐይቁ ዋለ።

አንድ ሞዴል አርሶ አደርም ተጋብዘው ነበር። የተጣራ የገበሬ ቃል እሰማለሁ ብዬ ወንበሬን ሳብ አድርጌ ተቀመጥሁ። አባባ ከእኔ ይልቅ ጉባኤ ያውቃሉ፤ የታደሙበትን ቦርሳ ቢሰቅሉት ጎተራ ይሞላል። "ክቡራንና ክቡራት፣ የተከበራችሁ ባለድርሻ አካላት" ብለው ጀመሩ። "ከእኔ በፊት የተናገሩት ሁሉን ስላሉት እኔ ብዙ አልልም" አሉ። ሃያ ሁለት ደቂቃ ተናገሩ፤ ለእሳቸው ካርቶን የሚያነሣ አልተገኘም።

የመዝጊያው ሰነድ ተነበበ። "ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል"፣ "ቅንጅታዊ አሠራር ይጠናከር"፣ "የዘር ሀብታችን ይጠበቅ"። ሰነዱ ላይ የተጻፈው ቀን የጉባኤው የመጀመሪያ ቀን ነበር፤ አርቃቂዎቹ የተደራጁ ሰዎች ናቸው። አስተያየት ያለው ካለ ተባለ፤ ማንም አልነበረውም። ሰዉ ቦርሳውን አንሥቶ ሲነሣ መድረክ መሪው የቀጣዩ ዓመት ጉባኤ የት ይሁን አለ።

ተመልሶ ተቀመጠ። በሁለት ቀን ውስጥ አዳራሹ እንዲህ ሞልቶ አላየሁትም። ሐዋሳ አሉ፤ ባሕር ዳር አሉ፤ አርባ ምንጭ አሉ። የአየር ትኬት፣ የሆቴል ዋጋ፣ የዓሣው ጥራት፣ የወባው ነገር፣ ሁሉ በማስረጃ ቀረበ። ጠያቂው አጭር፣ መላሹ ግልጽ፣ ንጽጽሩ የተሟላ ነበር። ጠዋት ሙሉ አፋቸውን ያልከፈቱ ሰዎች እጃቸውን እያወጡ ተከራከሩ፤ ሁለቱ የጤፍ ተቋማት በአንድ ድምፅ ሐዋሳን ደገፉ። በእጅ ብልጫ ሐዋሳ አለፈች። አንዲት ተሳታፊ ጉባኤው ስለ ምን እንደሚሆን ጠየቀች፤ ኮሚቴው በኢሜይል እንደሚያሳውቅ ተነገራት።